የምኒልክ ሕመምና የባልድዊን ሂልስ ግድብ

ታሪክ ልጽፍ ብዕር ሳነሣ ብዙውን ጊዜ የምጀምረው ከመጽሐፍ ነው። የዛሬውን ግን ከቡና ረከቦት እጀምራለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባልድዊን ሂልስ ኮረብታው ላይ ካለ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እንደተቀዳ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፣ ስኒው ከቀኝ እጃቸው አምልጦ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ሊስቁ ሞከሩ፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ሄደ። «ምንም አይደል» ሊሉ የፈለጉ ይመስለኛል፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ራሴንም ጨምሬ ነው የምወቅሰው። አንዷ «ምች ነው» አለች፤ ከጓሮ ጤና አዳም ተቀጥፎ መጣ። ሌላው «ስኳር ወርዶባቸው ይሆናል» ብሎ ጣፋጭ ሻይ ሊያጠጣቸው ታገለ። አስፕሪን ያመጣም ነበር። ስለ አምቡላንስ ሂሳብ ክርክር ተነሣ፤ «ጎረቤት ምን ይላል፣ እሳቸውም ይህን አይወዱም» የሚልም አልጠፋ፤ በመጨረሻ «ልጃቸው ከሥራ ትመለስና ትወስን» ተባለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ «መቼ? የት? እንዴት?» ብዬ ስጠይቅ የኖርኩት ጋዜጠኛ፣ ሰዓቴን እንኳ አላየሁም። በራሳችን መኪና ሆስፒታል ስናደርሳቸው ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን «መቼ ጀመራቸው?» ብላ ነበር። እርስ በርስ ተያየን። ደማምረን ስናሰላው ስኒው ከወደቀ አምስት ሰዓት ያህል አልፏል።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት፣ ይገርማችኋል፣ ስለ ዓፄ ምኒልክ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የሞቱት በዚሁ በሽታ ነው። እኛ ዛሬ በእንግሊዝኛው «ስትሮክ» የምንለው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ሕመም ነው። የመጀመሪያው ምልክት የታየባቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1906 ነበር። (የኛን 1906 ዓ.ም. ከዚህ ጋር አያምታቱት፤ ያ ደግሞ የሞቱበት ዓመት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።) ዓመቱ ክፉ ነበር። በመጋቢት ወር ራስ መኮንን ሞቱ፤ ብዙ ሰው የአልጋው ወራሽ ይሆናሉ ብሎ ይጠብቅ የነበረው እሳቸውን ነበር። ከዓድዋ በኋላ ቁስለኞቻችንን ሊያክም የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ሆስፒታልም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ዲሴምበር 13 ቀን ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ለንደን ላይ ተቀምጠው በኢትዮጵያ ሁከት ቢነሣ ጥቅማችንን እንዲህ እንጠብቃለን ብለው ተፈራረሙ። ምኒልክ ውሉ ሲነገራቸው ሉዓላዊ መብታችንን አይነካም ብለው መለሱ። ንጉሡ ገና በሕይወት እያሉ ውርሳቸው ላይ የሚነጋገር ጎረቤት እንደነበራቸው ግን አወቁ።

ሕመሙ ሄደት መለስ ይል ነበር። በ1907 ሚኒስትሮችን የሾሙት፣ በ1909 የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ያደረጉት፣ ሰውነታቸው እየከዳቸው ነው። ለጸበል ደብረ ሊባኖስ ወረዱ። ከጓዴሎፕ የመጣው ጥቁር ፈረንሳዊ ሐኪም ዶክተር ቪታሊየን ያክማቸው ነበር። በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ተወስደው ሕንድ አገር ያደጉትና ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በ1908 ተመልሰው አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ከተማው በሐሜት ተሞላ፤ መርዝ አብልተዋቸው ነው የሚለውን ወሬ ከጀርመን የመጣ አንድ ሐኪም ሳይቀር ተናገረው። በሽታው ስም ሲያጣ ሰው ጠላት ይፈልግለታል፤ ይህ ዛሬም አልለቀቀንም።

ኦክቶበር 27 ቀን 1909፣ ማለትም ጥቅምት 17 ቀን 1902 ዓ.ም.፣ የመጨረሻው ከባድ ምት መታቸው። አካላቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ከአንድ ወር ተኩል ያህል ኖሩ፤ ግን አልነገሡም። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው አገር መሩ፤ በመጋቢት 1910 መኳንንቱ ተማክረው ከሥልጣን አራቋቸው። ሞግዚት የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1911 ሞቱ። ባለ ታሪኩ ሲሞቱም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. (ዲሴምበር 12 ቀን 1913)፣ አዋጅ አልተነገረም፤ አልቅሱ የተባለ ሕዝብም አልነበረም። የዓድዋው ንጉሥ ሞት ተደብቆ ቆየ። ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ በ1916 የመስቀል ዕለት ከሥልጣን ወረዱ፤ በወሩ ሰገሌ ላይ ወንድም ከወንድሙ ተላለቀ።

ስለ እቴጌይቱ የተጻፈው ወቀሳ ብዙ ነው። ይህ ጸሐፊ ግን አንድ ነገር ለፍርድ ያቀርባል። ልክ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 1919፣ የዚህ የምንኖርበት አገር ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን በዚያው በሽታ ወደቁ። ባለቤታቸው ኢዲት ዊልሰን በር ዘግተው፣ የትኛው ወረቀት እንደሚገባና የትኛው እንደሚመለስ እየለዩ፣ ሚኒስትርና ሴናተር እያስቆሙ ወራት አሳለፉ። ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱ ደክመዋል ከመባል በቀር የተነገረው አልነበረም። መደበቅ የአበሻ ጠባይ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ለመሆኑ በዚያን ዘመን ቢያውቁስ ምን ያደርጉላቸው ነበር? እውነቱን ለመናገር ምንም። የደም ግፊት በክንድ ላይ በሚታሰር ጨርቅ የሚለካበትን መሣሪያ ጣልያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ይፋ ያደረገው በ1896 ነው። ጣልያን ዓድዋ ላይ በተሸነፈበት ዓመት መሆኑ ነው! በጆሮ እያዳመጡ የመለካቱን ዘዴ ደግሞ በ1905 ያሳወቀው ኮሮትኮቭ የሚባል የሩሲያ ጦር ሐኪም ነው። ዛሬ ፋርማሲ ገብተን ክንዳችንን የምናስገባበት መሣሪያ የነዚህ ሰዎች ልጅ ነው። ለምኒልክ ግን አልደረሰላቸውም፤ ግፊቱን ቢለኩትም የሚያወርድ መድኃኒት ገና አልተሠራም።

እኛ ጋ ያለው ነገር ሌላ ነው። እኛ የምንኖረው ይህ በሽታ ከተጠናባቸው ከተሞች በአንዱ ነው።

በ1996 የአሜሪካ መንግሥት የረጋውን ደም የሚያሟሟውን ቲ.ፒ.ኤ. የተባለ መድኃኒት ለስትሮክ ፈቀደ፤ ገደቡ ሦስት ሰዓት ነበር፤ በኋላ በ2008 በወጣ ጥናት እስከ አራት ሰዓት ተኩል እንደሚጠቅም ታየ። የረጋውን ደም በቀጭን ሽቦ ከአንጎል ሥር ጎትቶ የሚያወጣው የመጀመሪያው መሣሪያም የተፈለሰፈው እዚሁ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ነው፤ ፈቃድ ያገኘው በ2004 ነው። ዛሬ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ተመርጠው እስከ 24 ሰዓት ድረስ የሚታከሙ አሉ። ሁለቱም ግን መንገድ ከፋቾች ናቸው። የሳይንቲስቶቹ ትልቅ ሕልም ሌላ ነበር፤ መንገዱ እስኪከፈት አንጎሉን ከሞት ጠብቆ ማቆየት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል መሐሉ በደቂቃዎች ይሞታል። ዙሪያውን ያለው ግን አይሞትም፤ ዝም ይላል እንጂ። ሥራ ያቆመ፣ ነገር ግን ሊድን የሚችል ነው። እዚያ ያሉት ሕዋሳት ሲጨነቁ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ያፈስሳሉ፤ ያ ደግሞ የጎረቤቱን ሕዋስ በር በርግዶ ካልሲየም ያስገባበትና ይገድለዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። ቀጥሎ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ መቆጣቱ ወይም ብግነቱ ይመጣል፤ የሰውነት ዘብ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ፍርስራሹን ሊያጸዱ ገብተው ደኅናውንም ያፈርሳሉ፤ አንጎል ያብጣል። ያው ዘብ በኋላ ለጥገናው ስለሚያስፈልግ ደግሞ ዝም ብሎ ማገድ አይቻልም። ነጮቹን ሕዋሳት እንዳይገቡ የሚያግድ ኤንሊሞማብ የተባለ መድኃኒት በ625 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፣ በ2001 የወጣው ውጤት ባዶ መርፌ ከተሰጣቸው ይልቅ መድኃኒቱን ያገኙት የባሰ ተጎዱ የሚል ነበር።

በ2006 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ቆጥሮ 1,026 ዓይነት ሕክምና ለስትሮክ እንደተሞከረ ጻፈ። በአይጥ አንጎል ላይ ተአምር የሠራ ብዙ ነው፤ በሰው ላይ ግን አንድ በአንድ ወደቀ። ኤን.ኤክስ.ዋይ-059 የተባለው በመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ጠቀመ ተብሎ ዓለም ተደሰተ፤ በ2007 ከ3,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ሁለተኛው ሙከራ ደስታውን አጠፋው። ቻይና ውስጥ ኤዳራቮን ዴክስቦርኒዮል የተባለ፣ መቆጣቱንም ለማብረድ የታሰበ መድኃኒት 1,165 ሰዎች በተካፈሉበትና በ2021 በወጣ ጥናት የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ እዚያ ይሰጣል። ተስፋው አልሞተም ማለት ነው።

ከሁሉም የሚገርመው ግን እዚሁ ሰፈራችን የተደረገው ነው። ዶክተር ጄፍሪ ሴቨር የሚባሉት የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ሐኪም በ2006 ባወጡት ስሌት፣ ትልቅ ሥር ሲዘጋ አንጎል በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋስ ያጣል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ታዲያ «መድኃኒት የሚወድቀው ስለምናዘገየው ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ካልሲየም የሚገባበትን በር የሚዘጋ፣ ርካሽና የቆየ መድኃኒት፣ ማግኒዚየም፣ ሕመምተኛው ሆስፒታል ሳይደርስ አምቡላንስ ውስጥ እንዲሰጥ አደረጉ። ፋስት-ማግ ይባላል። ከ2005 እስከ 2012 በሎስ አንጀለስና በኦሬንጅ ካውንቲ 315 አምቡላንሶችና 60 ሆስፒታሎች ተካፈሉበት፤ ሕመምተኞቹ 1,700 ነበሩ። ከግማሽ የማያንሱት ሕመሙ በጀመራቸው በ45 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒቱ ወይም ባዶው መርፌ ተጀመረላቸው። ያን ጊዜ በፌርፋክስ ጎዳና ሳይረኑን እየነፋ ሲያልፍ ታክሲያችንን ጥግ ያስያዝንለት አምቡላንስ ይህን ይዞ ይሆናል።

ውጤቱ በ2015 ታተመ። ማግኒዚየም አልጠቀመም። ሥሩ እንደተዘጋ መድኃኒቱ የተጎዳው ቦታ በቅጡ አይደርስም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሙከራው ግን ሌላ ነገር አረጋገጠ፤ ሰው ቶሎ ከደወለ ሕክምናው ቤቱ ድረስ በደቂቃዎች መምጣት ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈሩ አንድ ታሪክ ልጨምር። ባልድዊን ሂልስ ኮረብታ ላይ በፊት የውኃ ግድብ ነበር። ዲሴምበር 14 ቀን 1963፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11:15 በአሜሪካኖቹ ሰዓት፣ የግድቡ ጠባቂ ከወትሮው የተለየ የውኃ ድምፅ ሰማ። «ነገ ይጣራል» አላለም፤ ደወለ። ፖሊስ በየበሩ እየዞረ ሰውን ከቤቱ አስወጣ። 3:38 ላይ ግድግዳው ተቀደደ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ጋሎን ውኃ ሰፈሩን ጠራርጎ ወረደ። 277 ቤት ፈረሰ፤ የሞተው ሰው ግን አምስት ነበር። ድምፁ ከተሰማበት እስከ ፈረሰበት አራት ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ ነው። ለቲ.ፒ.ኤ. ከተሰጠው ገደብ በሰባት ደቂቃ ያንሳል። እኛ በዚያው ኮረብታ ላይ ያንን ያህል ሰዓት ጤና አዳም ስናሸት ዋልን።

ደም ብዛት እንዳለባቸው ጋሼ ያውቁ ኖሯል። መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፤ ግማሹ አልተነካም። «በሽተኛ ነው እንዳልባል» ብለው ለልጃቸውም አልነገሩም። በየቤታችን ስንት መሳቢያ አለ? ሌሊት መኪና ስንጠብቅ፣ ቀን ታክሲ ስንነዳ፣ ጨዉ በዝቶ፣ እንቅልፉ አንሶ፣ ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ቀድሞ፣ ለሐኪም የሚሆን ቀን ጠፍቶብናል። ከአገር ቤት የመርዶ ስልክ ሲመጣ ተሰብስበን ማልቀስ እናውቅበታለን፤ «እጄ ደነዘዘኝ» ማለት ግን እናፍራለን።

ስለ ሂሳቡ ለሚሰጉ፤ ከ1986 ጀምሮ ባለው የፌደራል ሕግ መሠረት ሜዲኬር የሚቀበል የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ኢንሹራንስም ሆነ የመኖሪያ ወረቀት ሳይጠይቅ መርምሮ ሕይወት የማዳን ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት። ሂሳብ ይመጣል፤ ልዋሽ አልፈልግም። ሂሳብ ግን ይከራከሩበታል፤ ይቀነሳል፤ በየወሩ ይከፈላል። አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፎ 911 መደወል ነው። የተዘጋ ይሁን የፈነዳ የአንጎል ምስል ሳይነሣ አይታወቅምና አስፕሪን አይስጡ፤ ትን ሊል ስለሚችል ሻይም አያጠጡ።

ጋሼ ተርፈዋል። ከግድቡ ቦታ ዛሬ ኬኔት ሃን የሚባለው መናፈሻ ነው፤ ውኃው የነበረበት ጎድጓዳ ሣር በቅሎበታል። ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ትወስዳቸዋለች፤ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ አንድ ዙር ይሄዳሉ። ባለፈው አብሬያቸው ነበርኩ። ስለ ምኒልክ የጻፍኩትን ሳነብላቸው ቆም ብለው ሰሙና፣ በግራ እጃቸው የእጅ ሰዓቴን ነካ ነካ አደረጉት።