የማውስ ማስተካከያ ሶፍትዌርና ተጨማሪ ስርዓተ ክወና አመራረጥን የሚመለከት መረጃ

ይህ መረጃ በግል ኮምፒውተራቸው ቅጽ ለሚሞሉ፣ ሰነድ ለሚልኩና አገልግሎት ለሚጠይቁ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። በተለይ የሚጠቅመው የማውሱ አሠራር ለእጃቸው ላልተመቸ ወይም የሚፈልጉት ፕሮግራም በኮምፒውተራቸው ስርዓተ ክወና (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ላይ ለማይሠራላቸው ተገልጋዮች ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የተያያዙ ናቸው፤ በአንድ ስርዓተ ክወና ላይ የተደረገ የማውስ ማስተካከያ ወደ ሌላው በራሱ አይተላለፍም። በመሆኑም አስቀድሞ የሚሠራበትን ስርዓተ ክወና መወሰን፣ ከዚያም የማውስ ሶፍትዌር መምረጥ ይመከራል።

1. በኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉ የማውስ ማስተካከያዎች

ተጨማሪ ሶፍትዌር ከመጫን በፊት ከስርዓተ ክወናው ጋር የሚመጡትን ማስተካከያዎች መፈተሽ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ፣ ማክኦኤስ እና ኡቡንቱ ሊኑክስ ያለ ምንም ጭማሪ የጠቋሚውን ፍጥነት ለመለወጥ ያስችላሉ፤ ለግራኝ ተጠቃሚዎችም የቀኝና የግራ ቁልፎችን ያቀያይራሉ።

የማየት ወይም የእጅ እንቅስቃሴ ችግር ያለባቸው ተገልጋዮች በዊንዶውስ የሚከተሉትን መጠቀም ይችላሉ፦

ሀ) የጠቋሚውን መጠንና ቀለም መቀየር፤
ለ) ቁልፉን ተጭኖ መቆየት ሳያስፈልግ ፋይል ለመጎተት የሚያስችለውን ክሊክሎክ የተባለ ማስተካከያ ማብራት፤
ሐ) ጠቋሚውን በኪቦርዱ የቁጥር ቁልፎች ማንቀሳቀስ። ይህም የግራ አልት፣ የግራ ሺፍት እና ነምሎክ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ በመጫን ይበራል።

2. ተጨማሪ የማውስ ሶፍትዌሮች

ከላይ የተጠቀሱት የማያሟሉት ፍላጎት ሲኖር፣ ለምሳሌ የማውሱን የጎን ቁልፍ ለ"ቅዳ" ወይም ለ"ለጥፍ" ትእዛዝ ለመመደብ ሲፈለግ፣ ተጨማሪ ሶፍትዌር ይመረጣል።

ሀ) የአምራቹ ሶፍትዌር፦ የሎጂቴክ ኦፕሽንስ ፕላስ ለዊንዶውስና ለማክኦኤስ ይሠራል። የሚያገለግለው ግን ለአምራቹ ምርቶች ብቻ ነው።

ለ) ለማንኛውም ማውስ የሚሆን፦ በዊንዶውስ ላይ ኤክስ-ማውስ በተን ኮንትሮል በነፃ የሚገኝ ሲሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተለየ የቁልፍ ምደባ ይቀበላል። የማይክሮሶፍት ፓወርቶይስ ደግሞ የግራ ኮንትሮል ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲጫን ጠቋሚው ያለበትን ቦታ ያሳያል። በማክኦኤስ ላይ ሊኒየርማውስ በነፃ ይገኛል።

ሐ) ለሊኑክስ የሚሆን፦ ፓይፐር የተወሰኑ የማውስ ዓይነቶችን፣ ሶላር ደግሞ የሎጂቴክ ምርቶችን ያስተካክላሉ።

አንዳንድ ማውሶች የራሳቸው ማህደረ ትውስታ አላቸው። በዚህ ውስጥ የተቀመጠ ማስተካከያ ማውሱ ከሚሰካበት ማንኛውም ኮምፒውተር ጋር ይሠራል። ከአንድ በላይ ስርዓተ ክወና ለሚጠቀሙ፣ እንዲሁም በሥራ ቦታ ወይም በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር መጫን ለማይፈቀድላቸው ተገልጋዮች ይህ ዓይነቱ ማውስ ተመራጭ ነው።

3. ሌላ ስርዓተ ክወና የማስኬጃ መንገዶች

ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ስለሚጠይቅ በርካታ የቆዩ ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም። በዚህም ምክንያት ወደ ሌላ ስርዓተ ክወና መሻገር የሚፈልጉ ተገልጋዮች የሚከተሉት አማራጮች አሏቸው፦

ሀ) ከፍላሽ ማስነሳት፦ ኡቡንቱን የመሰሉ ስርዓቶች በፍላሽ ላይ ተጭነው ዲስኩን ሳይነኩ ይሞከራሉ። ኢንተርኔቱ፣ ድምፁ፣ ማተሚያውና ማውሱ መሥራታቸውን ለማረጋገጥ የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ሊሆን ይገባል።

ለ) ቨርቹዋል ማሽን፦ ሌላው ስርዓት አሁን ባለው ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም ይከፈታል። ቨርቹዋልቦክስ ለዚህ ያገለግላል። ዋናውን ስርዓት ስለማይለውጥ ከአደጋ የራቀ ነው፤ ሆኖም ራምን ይጋራል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ዊንዶውስ 11ን ማስኬድ የራሙን ግማሽ ይወስዳል።

ሐ) ሁለት ስርዓት ጎን ለጎን መጫን፦ ዲስኩ ይከፈልና ኮምፒውተሩ ሲበራ አንዱ ይመረጣል። የኮምፒውተሩ ሙሉ አቅም ለተመረጠው ስርዓት ይውላል፤ ዲስኩን በመክፈል ሂደት ላይ የሚፈጠር ስህተት ግን ፋይሎችን ሊያጠፋ ይችላል።

መ) ፕሮግራሙን ብቻ ማስኬድ፦ ዋይን የተባለው ሶፍትዌር አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ያለ ዊንዶውስ በሊኑክስና በማክኦኤስ ላይ ያስኬዳል። ሁሉም ፕሮግራም ስለማይሠራ አስቀድሞ መሞከር ያሻል።

የማክ ኮምፒውተር ያላቸው ተገልጋዮች ዊንዶውስን ጎን ለጎን የሚጭነው ቡት ካምፕ የሚሠራው የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ላይ ብቻ መሆኑን ልብ ሊሉ ይገባል። ኤም1 እና ከዚያ በኋላ የወጡ የአፕል ፕሮሰሰሮች ባሏቸው ላይ የአርም ዊንዶውስ 11ን በፓራለልስ ዴስክቶፕ ማስኬድ ይቻላል። ሆኖም የጣት አሻራ ማንበቢያና ስካነርን የመሰሉ መሣሪያዎች ለአርም የተዘጋጀ ድራይቨር ከሌላቸው ላይሠሩ ይችላሉ።

4. ማውስና ሁለተኛ ስርዓት አብረው ሲሠሩ

በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ጠቋሚው "ታስሮ" አልወጣ ሲል የቀኝ ኮንትሮል ቁልፍን መጫን ያስለቅቀዋል፤ ይህ በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ነው። ገስት አዲሽንስ የተባለውን ጭማሪ በውስጠኛው ስርዓት ላይ መጫን ደግሞ ጠቋሚው በሁለቱ መካከል በነፃነት እንዲያልፍ ያደርጋል። ሁለት ስርዓት ጎን ለጎን የጫነ ተገልጋይ ማስተካከያው በማውሱ ማህደረ ትውስታ ካልተቀመጠ በቀር በእያንዳንዱ ስርዓት ላይ ለየብቻ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

5. ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ሀ) ዲስክ ከመክፈል በፊት አስፈላጊ ሰነዶችን በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥና ቅጂው መከፈቱን ማረጋገጥ፤
ለ) ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ውጭ መዝግቦ መያዝ። ኮምፒውተሩ ቁልፉን ከጠየቀና ካልተገኘ ፋይሎቹን መክፈት አይቻልም፤
ሐ) መብራት ቢቋረጥ ሥራው መሐል ላይ እንዳይቆም ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ከመብራት ጋር ማገናኘት፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ መጠቀም፤
መ) ሶፍትዌሮችን ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ብቻ ማውረድ። የማውስ ሶፍትዌር የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ የመከታተልና ኮምፒውተሩን የመቆጣጠር ፈቃድ ስለሚያገኝ ምንጩ ያልታወቀ ቅጂ የይለፍ ቃልን ለስርቆት ሊያጋልጥ ይችላል፤
ሠ) በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የሚጫን ዊንዶውስም የራሱ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ማወቅ፤
ረ) ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ሲጫኑ ሰዓት አያያዛቸው ስለሚለያይ በኢትዮጵያ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። የጊዜ ገደብ ያለው ማመልከቻ ከመላክ በፊት ሰዓቱን ማስተካከል ተገቢ ነው።

6. ማጠቃለያ

አንድ ፕሮግራም አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያስፈልገው ተገልጋይ ቨርቹዋል ማሽን ወይም ዋይን በቂ ነው። ሌላውን ስርዓት በየዕለቱ ለሚጠቀምና የኮምፒውተሩ አቅም ውስን ለሆነበት ጎን ለጎን መጫን ይሻላል። ገና ላልወሰነ ደግሞ በፍላሽ መሞከር ይቀድማል። ማመልከቻ የማስገቢያ ጊዜው ሊያበቃ በቀረበበት ወቅት ዲስክ የሚነካ ማንኛውንም ሥራ አለመጀመር፣ ይልቁንም ማመልከቻውን በሚሠራ ኮምፒውተር አጠናቅቆ መላክ ይመከራል።