ሱቁ የማን ነው? ከሰማንያ እስከ ንግድ ማኅበር

በመስቀል ፍላወር ካፌ፣ ምግብ ቤትና ጸጉር ቤት የምናንቀሳቅስ አባላት ብዙ ነን። አብዛኞቻችን የምንሠራው ከባለቤታችን ጋር ነው። ትዳር ሲፈርስ ግን ሱቁ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለመልሱ ሕጉ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ማየት ይጠቅመናል።

በአያቶቻችን ዘመን ብዙ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት በሰማንያ ይታሰር ነበር፤ ሲፈርስም «ሰማንያ ቀደዱ» ይባላል። የሚካፈሉት ሀብት በዓይን የሚታይ ነበር፤ ከብት፣ እህል፣ የቤት ዕቃ። ሽማግሌ ቆጥሮ ያካፍላል።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ አብረው ታወጁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልን የቤተሰቡ የበላይ፣ የጋራውም ሀብት ዋና አስተዳዳሪ አደረገው። ባልና ሚስት ስለተስማሙ ብቻ መፋታት አይችሉም ነበር። ፍቺውን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከሀብቱ ሊቀነስበት ይችል ነበር። የንግድ ሕጉ በበኩሉ ማኅበርን ከአባላቱ የተለየ፣ በራሱ ስም ንብረት የሚይዝ ሕጋዊ ሰው አደረገው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉ ስለነበር፣ ሚስት ቁጥር ለማሟላት ብቻ ጥቂት ድርሻ ይዛ የምትገባበት ጊዜ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለባልና ለሚስት በጋብቻም በፍቺም እኩል መብት ሰጠ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ከወተወቱ በኋላም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። አዲስ አበባ የምንኖር የምንዳኘው በዚህ ሕግ ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው መፋታት ቻሉ፤ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የተስማሙበትን ጽፈው ያቀርባሉ፣ ፍርድ ቤቱ መርምሮ ያጸድቃል። ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ሆነ። በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተባለ፤ ክፍፍሉም እኩል ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ቀረ? ማኅበሩ ላይ። ለአንዲት እህታችን ሂሳብ ስንሠራ ነገሩን በቅርብ አየነው። ለዓመታት ገንዘብ ስትቀበልበት የኖረችው ካፌ የባሏና የወንድሙ ማኅበር ነበር። የቡና ማሽኑና ማቀዝቀዣዎቹ ይካፈሉልኝ አለች። ዕቃው ግን የማኅበሩ እንጂ የባሏ አይደለም፤ የጋራ ሀብት የሚሆነው በትዳሩ ዘመን የተገኘው የባሏ ድርሻ ነው። የፍቺ ችሎት ድርሻውን ወይም ዋጋውን ያካፍላል፤ ማኅበሩን ማፍረስና የአባላት ክርክር ራሱን የቻለ የንግድ ሕግ ጉዳይ ነው። ዋጋው ሲሰላ ደግሞ መዝገቡ በየዓመቱ ኪሳራ ያሳያል። ለግብር ተብሎ የተቀነሰው ሂሳብ የእሷንም ግማሽ ቀነሰው። «ሲቀንስ እኔም አውቅ ነበር» አለችን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ስለዚህ ሚስት ለቁጥር እንኳ ላትፈለግ ትችላለች። የቤተሰብ ሕጉ ጥበቃ ግን አልተነሣም፤ ከጋራ ገንዘብ የተገዛ ድርሻ በማንም ስም ቢጻፍ የጋራ ነው። ይህን ለማስረዳት ወረቀት ያስፈልጋል።

እህቶቻችን፣ ሰላም ሳለ የመመሥረቻ ጽሑፉን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የባንክ ደብተሩንና የዓመቱን ሂሳብ ቅጂ ያዙ። ያልገባችሁን ወደ ስብሰባችን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን። ሽማግሌ ከብት ቆጥሮ ያካፍል ነበር፤ ዛሬ የሚቆጠረው መዝገብ ነውና መዝገቡን እንወቀው።