የባክቴሪያ ሰዓት፤ ከቢሾፍቱ ሐይቆች እስከ ሙከራ ብልቃጥ

በማጂ ደጋ ለሚኖር ሰው የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። ማጂ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከዓመቱ ቀኖች ረጅሙና አጭሩ የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ስለሆነም የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር ሳይጣላ ዓመቱን ይዘልቃል። ሰው፣ እንስሳትና ዕፀዋትም የቀንና የሌሊትን መፈራረቅ የሚከተሉበት ውስጣዊ ሰዓት እንዳላቸው ከታወቀ ቆይቷል። ባክቴሪያ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት ይኖረዋል ብሎ የሚገምት እምብዛም አልነበረም። በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ለሚከፈል ሕዋስ የ24 ሰዓት መቁጠሪያ ምን ይፈይድለታል ይባል ነበርና።

ከዚህ ጥያቄ ጋር የሚቀራረብ ምርምር በአገራችን የተካሄደው በ1960ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ፕሮሰር፣ ዉድና ባክስተር የተባሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእንግሊዛዊው የሐይቅ ሊቅ ከታሊንግ ጋር በመተባበር የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች አጠኑ። የሐይቆቹን ጥልቀትና ኬሚካላዊ ይዘት በ1968፣ የአረንጓዴንና የኪሎሌን ሐይቆች ፎቶሲንተሲስ ደግሞ በ1973 አሳትመው አቀረቡ። ሁለቱ ሐይቆች ሶዳ የበዛባቸው ሲሆኑ፣ ውሃቸውን አረንጓዴ ያደረገው ስፒሩሊና ነበር። ይህ ፍጡር ያን ጊዜ አልጌ ይባል እንጂ ዛሬ የሚመደበው ከባክቴሪያ ወገን፣ ከሲያኖባክቴሪያ ነው። የተለካው የፎቶሲንተሲስ መጠን በዓለም ከታወቁት ከፍተኛዎቹ አንዱ በመሆኑ፣ ሁለቱ ሐይቆች ለዘርፉ መመዘኛ ሆኑ።

ይሁንና ፎቶሲንተሲስ ከፀሐይ ጋር መነሣቱና መቆሙ ብቻውን የውስጣዊ ሰዓት ማስረጃ አይሆንም። በወፍጮ ቤት ያለ ሞተርም ኃይል ሲሰጡት ይዞራል፣ ሲከለክሉት ይቆማል። ሰዓት የሚባለው የውጭው ምልክት ሲቋረጥም ዑደቱን የማያጓድል ነው።

ይህ ማስረጃ የተገኘው በሌላ አገር ነው። በ1986 ግሮበላርና ሁዋንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲኔኮኮከስ የተባለው ሲያኖባክቴሪያ ብርሃኑ ሳይቋረጥ በሚበራበት ጊዜ እንኳ ናይትሮጅን የሚይዝበትን ሰዓት እንደሚጠብቅ አመለከቱ። በ1993 ጃፓናውያኑ ኮንዶና ኢሺዩራ ከአሜሪካውያኑ ከጎልደንና ከጆንሰን ጋር ሆነው፣ ብርሃን የሚያመነጭ ዘረመል በባክቴሪያው ውስጥ አስገቡ፤ ባክቴሪያውም በየ24 ሰዓቱ እየደመቀና እየደበዘዘ ሰዓቱን ገለጠ። በ1998 ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሱት ካይኤ፣ ካይቢና ካይሲ የተባሉት ዘረመሎች ታወቁ።

ከሁሉ ይልቅ መሐንዲስን የሚያስደንቀው የ2005ቱ ግኝት ነው። ኮንዶና ባልደረቦቹ ሦስቱን ፕሮቲኖች ኤቲፒ ከተባለው ኃይል ሰጪ ውህድ ጋር በብልቃጥ ቢቀላቅሏቸው፣ ሕዋስ በሌለበት ካይሲ ፎስፌት እየተቀበለና እየለቀቀ የ24 ሰዓት ያህል ዑደት ጠበቀ። የሙቀት መጠን ሲለወጥም ፍጥነቱ እምብዛም አልተለወጠም። የጥንት ሰዓት ሠሪዎች የፔንዱለሙ ዘንግ በሙቀት እየረዘመ ሰዓታቸውን ሲያዘገይባቸው ብዙ ደክመዋል። ባክቴሪያው ግን ይህን ችግር በሦስት ፕሮቲኖች ተወጥቶታል።

ጥቅሙም በ1998 ተፈትኗል። የተለያየ ዑደት ያላቸው ዝርያዎች በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲወዳደሩ፣ ያሸነፈው ዑደቱ ከተሰጠው የብርሃንና የጨለማ መፈራረቅ ጋር የተስማማው ነበር።

ታዲያ ይህ ታሪክ ለእኛ ሙያ ምን ያስተምራል? በ1989 የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ሲባል ወደ ኪሎሌ ሐይቅ እንዲገባ ተደረገ። የወንዙ ውሃ ሶዳውን አቀጠነው፤ ስፒሩሊናውም ጠፋ። የሐይቁን መለወጥ ብሩክ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አጥንተው በ1994 አሳትመዋል። በ1973ቱ ጥናት ከተለኩት ሁለት ሐይቆች አንዱ እንዲህ ሲለወጥ፣ ስፒሩሊናው በዚያው በተፈጥሮ ቦታው ውስጣዊ ሰዓት እንዳለው ለመመርመር የነበረው ዕድልም አብሮ ተዘጋ። መስኖ ለገበሬው እንጀራ ነውና ቦዩን መቆፈር ስሕተት ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን እኛ መሐንዲሶች የወንዝን ፍሰት በሴኮንድ ስንለካ፣ ውሃው የሚገባበት ሐይቅ ቀንና ሌሊት የሚሠራውን አንለካም።

በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ላሉት ጅረቶችና ረግረጎችም ነገሩ ያው ነው። ቦይ ከመቀደዱ አስቀድሞ የአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ልኬት ቢወሰድ ወጪው ጥቂት ነው፤ አንድ ጊዜ የተቋረጠን የሕይወት ዑደት መልሶ መጀመር ግን በመሐንዲስ እጅ ያለ ሥራ አይደለም።