የቱርቦ መኪናው ጠባቂና አታላዩ

ፊውል ከት ዲፌንደር ቱርቦ ባለው መኪና ላይ በግፊት ሴንሰሩና በሞተሩ ኮምፒውተር መካከል የምትገባ ትንሽ ሳጥን ናት። የአየር ግፊቱ ፋብሪካው ከወሰነው ጣሪያ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ እንዳያውቅ ታደርጋለች። ታሪኳ ግን የሚጀምረው ከምታታልለው ጥበቃ ነው።

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢውኺ በጭስ ጉልበት የሚሽከረከር የአየር መጭመቂያን በ1905 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ) በፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ፣ ቱርቦ ለብዙ ዘመን የመርከብ፣ የአውሮፕላንና የናፍጣ ሞተሮች ዕቃ ሆኖ ቆየ። ወደ ቤት መኪና የገባው በ1962 በአሜሪካ፣ በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በሼቭሮሌ ኮርቬይር ነው። ጄትፋየር ሞተሩ እንዳያንኳኳ የሜታኖልና የውሃ ድብልቅ ይረጭለት ነበር። ፈሳሹ ሲያልቅ ደግሞ የቱርቦውን ግፊት ዝቅ የሚያደርግ ቫልቭ ተገጥሞለታል፤ ባለቤቱ መሙላት እንደሚረሳ ፋብሪካው አስቀድሞ ገምቷል ማለት ነው።

ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር በዝቶ ቤንዚኑ ካልተከተለው ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይንራል፣ ነዳጁም ከካንዴላው እሳት ውጭ በራሱ እየፈነዳ ያንኳኳል። እንዲህ ያለ ሞተር በሰከንዶች ውስጥ ፒስተኑ ሊቀልጥ ወይም የቴስታታው ጓርኒሽን ሊነድ ይችላል። ግፊቱን የሚገድበው ዌስትጌት የተባለው በር ነው፤ ትርፉን ጭስ ከተርባይኑ ውጭ ያሳልፈዋል። የዚህ በር ቀጭን ቱቦ ከወለቀ ግን ግፊቱን የሚያቆመው የለም። ስለዚህ ሁለተኛ ጠባቂ አስፈለገ። ኤሌክትሮኒክ የቤንዚን መርጫ ሲስፋፋ ነገሩ ቀለለ፤ ግፊቱ ከገደቡ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን አይከፍትም። ቤንዚን ከሌለ መቃጠልም ማንኳኳትም የለም። ሾፌሩ የሚያውቀው ግን በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ መኪናው ድንገት ፍሬን እንደያዘ ሁሉ ወደፊት ሲወረውረው ነው።

ይህን ድንጋጤ በብዛት የቀመሱት ጃፓኖች ናቸው። በ1979 ኒሳን ቱርቦ የተገጠመለትን ሴድሪክ ካወጣ በኋላ ቶዮታ፣ ማዝዳ፣ ሚትሱቢሺና ሱባሩ ተከተሉ። ከ1989 ገደማ እስከ 2004 ድረስ አምራቾቹ በአገር ውስጥ ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለማስመዝገብ በመካከላቸው ተስማምተው ነበር። ብዙዎቹ ሞተሮች ግን ከዚያ በላይ መሸከም ይችሉ ነበር፤ ይህን ደግሞ ገዢዎቹ በደንብ ያውቁ ነበር። ሰፋ ያለ የጭስ ማውጫ ሲገጠም ቱርቦው እየቀለለው ግፊቱ በራሱ ይጨምራል፤ ቤንዚኑም ይቆረጣል። ሂሮዩኪ ሃሴጋዋ በ1973 ያቋቋመው ኤችኬኤስና ግሬዲን የመሳሰሉ ቤቶች የቁርጡን ማታለያ ሸቀጥ ያደረጉት በዚህ ገበያ ነው። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ በሴንሰሩ ቱቦ ላይ ግፊት የምታስተነፍስ ትንሽ ቫልቭ ይሰካ ነበር።

የሳጥኗ አሠራር ቀላል ነው። ሴንሰሩ ግፊትን ከ0 እስከ 5 ቮልት ባለው ኤሌክትሪክ ይናገራል። መካኒኩ መቁረጫው ከሚነሣበት ቮልት ጥቂት ዝቅ ያለ ጣሪያ በብሎን ይወስናል፤ ግፊቱ ቢወጣም ወደ ኮምፒውተሩ የሚደርሰው ቮልት እዚያው ይቆማል። ጠንቃቃው ባለሙያ ብሎኑን ከመንካቱ በፊት የግፊት ጌጅና የአየር-ቤንዚን ድብልቅ መለኪያ ይገጥማል፣ የፓምፑንና የኢንጀክተሮቹን አቅም ያረጋግጣል፣ ግፊቱን የሚጨምረውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ቁርጡ ከጠፋ በኋላ ዌስትጌቱ ቢበላሽ የሚደርስለት ሌላ ጠባቂ እንደሌለ ያውቃልና።

ጉዳቱን የሚወስነው ግን ሴንሰሩ የተሰጠው ሥራ ነው፤ ይህን ሳይለዩ ሳጥኗን የገጠሙ ብዙ ሞተር አቃጥለዋል። በ1989 የወጣው የሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ኤምአር2 ቱርቦ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ቤንዚኑን የሚመጥነው በአየር ፍሰት መለኪያ ነበር፤ የግፊት ሴንሰሩ ቁርጡንና የዳሽቦርዱን ጌጅ ብቻ ያገለግል ነበር። እዚያ ላይ ማታለሉ የቤንዚኑን ልክ አይነካም፤ ጌጁ ብቻ ይዋሻል። በኋላ የመጣው የዚሁ ሞተር ዓይነት ግን ቤንዚኑን ራሱን በግፊት ሴንሰሩ ይመጥናል። የሴንሰሩ ቮልት እንዳይወጣ ሲታገድ ኮምፒውተሩ ከዚያ በላይ የገባውን አየር ስለማያይ ቤንዚን አይጨምርም፤ ከሃምሳ ኪሎ በላይ በማይቆጥር ሚዛን ጤፍ መመዘን ማለት ነው። ቁርጡ ይከላከለው የነበረው አደጋ በሳጥኗ እጅ ይመጣል። በሚትሱቢሺዎቹ ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር፤ የአየር ፍሰት ሴንሰራቸው በቮልት ሳይሆን በድግግሞሽ ስለሚናገር የቮልት ማገጃ አይሠራባቸውም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኤፔክሲን የመሰሉ አምራቾች ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ የሚተኩ መሣሪያዎችን አቀረቡ፤ የፋብሪካውን ኮምፒውተር ፕሮግራም በላፕቶፕ መለወጥም ተለመደ። በነዚህ ቁርጡ አይጠፋም፤ ከተመረጠው ግፊት ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ቤንዚኑና የካንዴላው ጊዜም አብረው ይስተካከላሉ። ዛሬ ያሉት የቱርቦ መኪኖች የበርካታ ሴንሰሮችን ንባብ እያመሳከሩ የማይጣጣመውን ስለሚይዙ፣ ግፊት ሲበዛም የአየር ማስገቢያውን በር በኤሌክትሪክ ስለሚዘጉ፣ ያቺ ብሎን ያላት ሳጥን አሁን ቦታ ያላት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩት መኪኖች ላይ ነው።