ከቦሩ ሜዳ እስከ እንጦጦ ጠበል

ስለ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን እምነት ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመናል። አንደኛው «አባቶቻችን ያቆዩት ነው፤ አይመረመርም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ንጉሥ ያወጀው፣ ካህን ያስፈራራበት ነው» ብሎ ይደመድምና ዘወር ይላል። ሁለቱም አልደከሙበትም። ታሪክ ግን ድካም ይፈልጋል። እንግዲህ ከእንጦጦ አናት እስከ የካ አባዶ ድረስ ባለው አገር የሚያስቀድሰው ሕዝብ ምን ያምናል? እንዴትስ ያመልካል? እምነቱንስ ማን ቆረጠለት? ብለን እንጠይቅ።

የእምነቱ መሠረት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ናቸው፤ ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን። ከነዚህ ውስጥ አገር ያመሰው ሁለተኛው ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ቃል ሰው ሲሆን ሥጋ በምን ከበረ? ተዋሕዶዎቹ «በተዋሕዶ» አሉ። ልደቱም ሁለት ብቻ ነው፤ ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ያለ አባት። ቅባቶቹ «በቅብዐት የባሕርይ ልጅ ሆነ» አሉ። ጸጎቹ ደግሞ «በቅብዐት የጸጋ ልጅ ሆነ» ብለው ሦስተኛ ልደት ቆጠሩ። ሦስተኛውን ልደት ቆርጠው ስለጣሉ ተዋሕዶዎቹን «ካራ» ይሏቸው ነበር።

ይሄ የቃላት ጨዋታ ነው ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ነገሩማ ቃል ብቻ ቢሆን መች ያን ያህል ዘመን ይዘልቅ ነበር! ቅባት በጎጃም፣ ጸጋ በሸዋና በደብረ ሊባኖስ፣ ካራ በትግራይ ሲበረታ፣ የሃይማኖቱ ወሰንና የመሳፍንቱ ወሰን ተደራረበ። ንጉሡን «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ «ለማን ታድራለህ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ሆነ።

ነገሩ የተቆረጠው ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ገቡ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በግንቦት፣ ዐፄ ዮሐንስ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ምኒልክም ነበሩበት። ተዋሕዶ ረታ፤ በሸዋ ሥር የሰደደው ጸጋ ተወገዘ። ክርክሩ የሊቃውንት ነበር፤ መደምደሚያው ግን የዙፋን ክንድ ነበረበት። ጉባኤው በተደረገበት አገር የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ተብለው ክርስትና ተነሡ። የተገደደው ሕዝብ ዕንባ ከዚህ ታሪክ ሊፋቅ አይገባም።

ጸጋ ከበረታበት ከሸዋ የወጡት ምኒልክ፣ ከቦሩ ሜዳ አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ዘውድ ጫኑ። ያች ቤተ ክርስቲያን እንግዲህ በጉባኤ የተቆረጠ እምነት ወራሽ ናት ማለት ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ሰው እውነቱን ነውን? እምነቱ የንጉሥ አዋጅ ብቻ ነውን? እዚህ ላይ ከጉባኤው ወጥተን ወደ ቅጽሩ እንግባ። ስምንት ማዕዘን ያላት እንጦጦ ማርያም ውስጧ እንደ ሌሎቹ ሦስት ክፍል ነው። በቅኔ ማሕሌቱ ደብተሮች የቅዱስ ያሬድን ዜማ በጸናጽልና በመቋሚያ ያሸበሽባሉ። በቅድስቱ ቆራቢው ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። መቅደሱ የታቦቱ ነው፤ ሕንጻው ቢያምርም ታቦት ከሌለበት ቤት እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይባልም። ለቅዳሴው በትንሹ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ይቆማሉ። ሰውነቴ አልነጻም የሚለው ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ሆኖ ያስቀድሳል፤ ደጀ ሰላሙን ስሞ ይመለሳል። ከበዓለ ኀምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ኀምሳ አምስት ቀን ከሥጋና ከወተት ይርቃል።

ልብ እንበል! ካራውም፣ ቅባቱም፣ ጸጋውም ይህንኑ ጾም ጾመዋል፤ በዚሁ ዜማ አሸብሽበዋል። ሊቃውንቱ በአንዲት ቃል ሲወጋገዙ ሕዝቡ በአንድ ሥርዓት ያመልክ ነበር። ጉባኤው የቃሉን አነጋገር ቆረጠ እንጂ አምልኮውን አልፈጠረውም። የኋላው ዘመንም ይህንኑ ያሳየናል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሲኖዶሱ በአገር ቤትና በስደት ለሁለት ተከፍሎ ሲወጋገዝ ቅዳሴው አንድ ነበር፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ሲወርድ አዲስ ቅዳሴ መጻፍ አላስፈለገም።

የሕዝቡ እምነት በሰውነቱ የሚፈተንበት ሌላ ስፍራም አለ፤ የእንጦጦ ጠበል። ኤች አይ ቪ ቤት ሲዘጋ፣ ብዙ ሕሙማን ወደዚያ ወጥተው ሰነበቱ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር ከባድ ጥያቄ መጣ፤ ጠበል የያዘ ሰው ክኒን ቢውጥ እምነት አጎደለ ይባላልን? ይሄ እንደ ቦሩ ሜዳው የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ ይሞታል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብለው ለምእመናን ተናገሩ። በዚህ ጊዜ ሰይፍ አልተመዘዘም፤ ማንም በግድ አልተጠመቀም። የአባት ምክር ነበር፤ ሰምቶ የዋጠ ዳነበት።

እንግዲህ ለሁለቱ ሰዎች መልሳችን ይህ ነው። «አይመረመርም» ለሚለው፤ አባቶችህ ራሳቸው ሲመረምሩና ሲከራከሩ ኖረዋል። «የንጉሥ አዋጅ ነው» ለሚለው ደግሞ፤ አዋጁን ያወጁት አልፈዋል፤ ዛሬ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገና ሳይነጋ ነጠላዋን አጣፍታ የምትወርደውን እናት ማንም አላዘዛትም። ታሪክ የምንጽፍ ከሆነ የጉባኤውን ቃለ ውግዘት ብቻ ሳይሆን የሷንም እግር እንከተል።