የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ጉዳትን ሲያክሙ በጥናት ማስረጃ የሚጠቀሙት እንዴት ነው?

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በሞይ እና በኃይለ ሥላሴ ጎዳናዎች፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እግረኞች፣ ማታቱ የሚባሉት ታክሲዎችና ሞተር ሳይክሎች መንገዱን ይሻማሉ። በዚህ ግርግር ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ወይም ጉልበቱ የተጎዳ ሰው ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሲቀርብ፣ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው መቼ ወደ ሥራው እንደሚመለስ ነው። በተለይ የዕለት ገቢውን በእግሩ ለሚያገኝ ሰው የተሳሳተ ሕክምና ማለት የቤት ኪራይና የልጆች ምግብ ማጣት ማለት ነው።

በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፤ የተሻለውን የጥናት ውጤት፣ የባለሙያውን ልምድ እና የታካሚውን ፍላጎት።

ዕረፍት ወይስ እንቅስቃሴ?

ለረዥም ጊዜ ወገቡን የታመመ ሰው አልጋ ላይ እንዲቆይ ይመከር ነበር። በ1986 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የታተመ ጥናት 203 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ገሚሱን ለሁለት ቀናት፣ ገሚሱን ለሰባት ቀናት እንዲያርፉ መክሯል። ሁለት ቀን እንዲያርፉ የተነገራቸው ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት በ45 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ረዥሙ ዕረፍት ሌላ ጥቅም አላስገኘም።

በ2010 የወጣ የስዊድን ጥናት ደግሞ የጉልበታቸው የፊት መስቀለኛ ጅማት የተበጠሰባቸውን 121 ወጣቶች ተከታትሏል። ቶሎ ቀዶ ሕክምና ያደረጉትና በልምምድ ጀምረው ቀዶ ሕክምናውን ካስፈለገ ብቻ እንዲያደርጉ የተመደቡት ከሁለት ዓመት በኋላ ተቀራራቢ ውጤት አሳይተዋል። በልምምድ ከጀመሩት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእነዚያ ዓመታት ቀዶ ሕክምና አላደረጉም።

የትኛው ጥናት ይታመናል?

ወለምታ አብዛኛውን ጊዜ በራሱም እየተሻለው ይሄዳል። ስለዚህ ታካሚው ዳነ ማለት ብቻውን ሕክምናው ሠራ ማለት አይደለም። ማነጻጸሪያ ቡድን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከ1999 ጀምሮ በአውስትራሊያ የሚተዳደረው ፔድሮ የተባለ የመረጃ ቋት የፊዚዮቴራፒ ጥናቶችን በነጻ ያቀርባል፤ ሙከራዎችንም ከአሥር ነጥብ ይመዝናል። ከመስፈርቶቹ መካከል ተሳታፊዎች በዕጣ መመደባቸው፣ ውጤቱን የለካው ሰው ማን የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ አለማወቁ፣ ጥናቱን ያቋረጡት ጥቂት መሆናቸው ይገኙበታል።

ማስረጃ ለምርመራም ያገለግላል። በካናዳ የተዘጋጀው የኦታዋ መመሪያ እንደሚለው፣ ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት በተወሰኑ ቦታዎች ሲነካ ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። ይህ ለሌሎች አላስፈላጊ የራጅ ወጪን ያስቀራል። እግሩ በወጌሻ ከመታሸቱ በፊት ስብራት አለመኖሩን ማረጋገጥም ይገባል።

ከወረቀት ወደ ታካሚው

በኬንያ የፊዚዮቴራፒ ሙያ የሚመራው በ2014 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ተመዝግበው ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። የሚያነቧቸው በርካታ ጥናቶች ግን የተሠሩት በበለጸጉ አገሮች ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ክሊኒክ መመላለስን የሚጠይቅ ሕክምና በጥናት ውጤታማ ቢሆንም፣ የማታቱ ክፍያ ለሚከብደው የናይሮቢ ነዋሪ ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ባለሙያው የጥናቱን ፍሬ ነገር ሳይለቅ አቀራረቡን ይለውጣል። ጥቂት ልምምዶችን መርጦ ያለ መሣሪያ ቤት ውስጥ እንዲሠሩ ያስተምራል። ከዚያም ይለካል፤ ታካሚው በአንድ እግሩ ስንት ሰከንድ እንደሚቆም፣ ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ፣ ደረጃ መውጣት መቻል አለመቻሉን ይመዘግባል። በቀጣዩ ቀጠሮ ለውጥ ከሌለ ዕቅዱን እንደገና ያየዋል።

ጥናት የሚናገረው ብዙዎችን ስለጠቀመው ነገር ነው። ለፊቱ ለቀረበው አንድ ሰው መጥቀሙን የሚያሳየው ግን ይህ ልኬት ነው።