ዋጋ የሚቆርጥ ሕግ መቼ አጣን? ያጣነው ዳኛ ነው

ከሰላሌ የሚመጣ እህል በሱሉልታ፣ ከአምቦ መስመር የሚመጣው በቡራዩ፣ ከጅማ መስመር የሚመጣው በሰበታ፣ ከደብረ ብርሃን የሚመጣው በእኛው ለገዳዲ በኩል ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ ዋጋ በናረ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ነጋዴው ላይ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ሱቆች ሲታሸጉ አይተናል። ነጋዴውን የሚቀጣ ሕግ አለን ማለት ነው። ጥያቄው ሕጉ ውድድርን ይጠብቃል ወይ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የ1952 የንግድ ሕግ ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድርን በአንቀጽ 132 እና 133 ከልክሏል። ይሁን እንጂ የጠበቀው ነጋዴን ከነጋዴ ነው፤ ስም ማጥፋትን፣ ማምታታትን ይከለክላል። ሸማቹ በዚያ ክርክር ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ንግድንና ዋጋን የሚቆጣጠር አዋጅ ወጣ። መንግሥት ዋጋ የመቁረጥ ሥልጣን የያዘው ያኔ ነው፤ ደርግ አልጀመረውም።

ደርግ ያደረገው ሥልጣኑን እስከ ጥግ መግፋት ነው። ገበሬው በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በተቆረጠ ዋጋ ያስረክባል፣ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይሻገር ኬላ ይቆማል፣ ከተሜው በቀበሌ ሱቅ ይሰለፋል። ኮታው እስከ 1982 ዘለቀ። በእነዚያ ዓመታት ስለ ውድድር ማውራት ትርጉም አልነበረውም፤ ተወዳዳሪም ዳኛም መንግሥት ነበርና።

ለውድድር ራሱን የቻለ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሕግ የ1995ቱ የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329 ነው። በወረቀት ሲታይ ደህና ነው፤ ተመሳጥሮ ዋጋ መወሰንንና የገበያ የበላይነትን ያለአግባብ መጠቀምን ይከለክላል። ድክመቱ ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛ፣ የንግድ አሠራር ኮሚሽኑ ውሳኔ የሚጸናው ሚኒስትሩ ሲያጸድቀው ነው። ሁለተኛ፣ ለመንግሥት ብቻ የተተዉ የንግድ ሥራዎችና መንግሥት ለልማት ወሳኝ ያላቸው ድርጅቶች ከአዋጁ ውጭ ተደርገዋል። ሦስተኛ፣ ስለ ድርጅቶች ውህደት ምንም አይልም። ዋጋ የመቁረጡ ሥልጣን ግን በዚያው አዋጅ ውስጥ ሳይነካ ቀረ።

በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 685 ሸማቹንም ውህደትንም አስገባ፤ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አቋቋመ። ነገር ግን ብዙ ሰው ሕጉን ያወቀው በውድድር ክስ ሳይሆን በታኅሣሥ 2003ቱ የዋጋ ጣሪያ ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ለስላሳና ቢራ ሳይቀር ጣሪያ ወጣላቸው። ዕቃ ከመደርደሪያ ጠፋ። ዓመቱ ሳያልቅ ጣሪያው ከጥቂት ሸቀጦች በስተቀር ተነሣ።

ከአጠገባችን ምሳሌ ልጥቀስ። የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ በ2004 ከመንግሥት ወደ ዲያጆ፣ በ2014 ደግሞ ከዲያጆ ወደ ካስቴል ተሸጋገረ። ካስቴል የጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት ነው። ሁለት ተወዳዳሪ በአንድ ባለቤት እጅ ሲገባ ለቢራ ጠጪውም፣ ገብስ ለሚያቀርበው ገበሬም ምን ይመጣል? ይህን አይነት ጥያቄ የሚመዝን ነፃ ዳኛ ያስፈልጋል። በ1995ቱ ሕግ ጠያቂም ባልኖረ ነበር። በ2014 ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ፈርሶ ሥራው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተሰጠ። ዞረን 1995 ላይ ደረስን።

መንግሥት ዋጋ ፈጽሞ አይንካ አልልም። በችግር ጊዜ ዘይትና ዱቄት ላይ ጣልቃ መግባት በሌላውም አገር የተለመደ ነው። ዋጋ መቁረጥ ግን ፈጣንና ለካሜራ የሚመች ነው፤ ውድድርን መጠበቅ ግን ማስረጃ፣ ባለሙያና ሚኒስትሩን የማይፈራ ዳኛ ይጠይቃል። ሕጎቻችን ቀላሉን ሥልጣን ሁልጊዜ አጥብቀው ያዙ፤ ከባዱን ሁልጊዜ አላልተው ተዉት።

ስለዚህ ቀጣዩ ማሻሻያ ሲመጣ የቅጣቱን መጠን ብቻ አንመልከት። ውሳኔውን ማን ያጸድቃል? የመንግሥት ድርጅት ይከሰሳል ወይ? እነዚህ ሁለቱ ካልተመለሱ፣ ነገም የሚታሸገው የሰፈራችን ሱቅ ነው።